ለድመት ደግሞ የልብ ሐኪም!

በዚህ ገጽ ላይ የለመዳችሁት የአገር ቤት ዜናና የፖለቲካ ሐተታ ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ስለ አንድ ድመት ነው። «አገር ታምማ ተኝታ ስለ ድመት ሕመም ይጻፋል ወይ?» የሚል ወገን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይህን ነገር ከማንም ቀድመን ያልነው እኛው ራሳችን ስለሆንን እስከ መጨረሻው ታገሡን።

ድመቱ ቡላ ይባላል። ስሙን ያወጣንለት በመልኩ ነው። ልጃችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ከእንስሳት መጠለያ በካርቶን ይዛው መጣች። እኛ ባልና ሚስት ያደግነው ድመት ለአይጥ እንጂ ለሌላ ነገር በማትፈለግበት ቤት ነው። ጓዳ ገብታ ወተት ከደፋች በመጥረጊያ ትባረራለች፣ ማታ ምድጃ ዳር ትተኛለች፣ አንድ ቀን ትጠፋለች፣ ማንም አይጠይቅም። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማችን ውስጥ፣ ድመት ሶፋ ላይ ጋለል ብሎ ስናይ መጀመሪያ ላይ ነውር መስሎን ነበር። በ2019 ልጃችን ኮሌጅ ገብታ ወደ ሌላ ስቴት ሄደች። ልጅ ሄደች፣ ድመት ቀረ። ከሥራ ስንገባ በር ላይ የሚቀበለን እሱ ብቻ ሆነ።

በ2023 መኸር ለዓመታዊ ክትባቱ ወሰድነው። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ከወትሮው አረዘመች። ከዚያ ልቡ ሲመታ እንደ ሹክሹክታ ያለ ትርፍ ድምፅ እንደሚሰማት፣ አንዳንዴም የፈረስ ግልቢያ የሚመስል ሦስተኛ ምት እንዳለ ነገረችን። ለእንስሳት የልብ ስፔሻሊስት ወረቀት ጻፈችልን። መኪና ውስጥ ገብተን በአማርኛ ሳቅን። ለድመት ደግሞ የልብ ሐኪም! ከእኛ ዘመዶች መካከል የልብ ሐኪም ሳያዩ በልብ ሕመም የሞቱትን ብንቆጥር የሁለት እጅ ጣት አይበቃንም።

ሳቃችን ምርመራው ክፍል ውስጥ አለቀ። ክፍሉ ጨለማ ነው። ቡላ በጎኑ ተኝቷል፣ ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር ተላጭቷል፣ አንዲት ነርስ ጆሮው ሥር እያሻሸች ታባብለዋለች። በአልትራሳውንዱ መስኮት ላይ ከአገራችን ሎሚ የማትበልጥ ልብ ትዘላለች። የድመት ልብ በደቂቃ ከ140 እስከ 220 ጊዜ እንደሚመታ ያን ቀን ነው ያወቅነው። ሐኪሙ በነጭ መስመር የልቡን ግድግዳ ለካ። ከ6 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ወፍሯል ይባላል፣ የቡላ ከ7 አልፏል። ሕመሙ ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ይባላል። በእኛ ቋንቋ የልብ ጡንቻ መወፈር ብንለው ያስኬዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸክላ ድስት ከውጭ ሲታይ ያው ሆኖ ግድግዳው ወደ ውስጥ ቢወፍር የሚይዘው ወጥ ይቀንሳል። የልብም ግራ የታችኛው ክፍል እንዲሁ ነው። ጡንቻው ሲወፍር ይደነድናል፣ ሲደነድን ደም ለመቀበል አይላላም። ገብቶ የሚያድረው ደም ቦታ ሲያጣ ወደ ላይኛው ክፍል ይጠራቀምና ያንን ይለጥጠዋል። ከዚያ ግፊቱ ወደ ኋላ ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። በተለጠጠው ክፍል ውስጥ ደግሞ ደሙ ስለሚዘገይ ይረጋል፣ የረጋው ቁራጭ ተነሥቶ የኋላ እግሮችን የሚመግበውን ትልቁን የደም ሥር መገናኛ ላይ ሊደፍነው ይችላል። ድመት ያላችሁ ወገኖች ይህችን ያዙልን፦ ድመታችሁ በድንገት እየጮኸ የኋላ እግሮቹ ከከዱት፣ ሲነኩም ከቀዘቀዙ፣ ወለምታ ነው ብላችሁ አትሹት። በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ነው። እንደ ውሻ አፉን ከፍቶ ቢያለከልክም እንደዚያው። ፓራሲታሞል ደግሞ ከቶ አትስጡ፣ ድመትን ይገድላል።

የአሜሪካ የእንስሳት የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2020 ባወጣው መመሪያ ሕመሙን በደረጃ ከፍሎታል። ቡላ «ቢ-ሁለት» ላይ ተመደበ። ይህም ምልክት ገና አልታየበትም፣ ነገር ግን የልቡ የላይኛው ክፍል ተለጥጧልና አደጋው ቀርቧል ማለት ነው። ለምን እሱን? ብለን ጠየቅን። ጤነኛ የሚመስሉ ድመቶች ሲመረመሩ ከመቶ 15 ያህሉ ላይ ይገኛል አሉን፤ ብዙዎቹ ሳይታወቅባቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ሜይን ኩን በሚባለው ዝርያ ላይ ተመራማሪዎች ጥፋተኛውን ጂን በ2005 አግኝተውታል፤ ያው ጂን በሰውም ላይ ይህንኑ ሕመም ያመጣል። የካሜሩኑን ማርክ ቪቪየን ፎኤን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ሰኔ 2003 ሊዮን ላይ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወቱ ማንም ሳይነካው መሐል ሜዳ ወድቆ የሞተው። አስከሬኑ ሲመረመር የተገኘው ይኸው የልብ መወፈር ነበር። እኛ ያን ግማሽ ፍጻሜ በቴሌቪዥን ስናይ ቃሉን እንኳ ሰምተነው አናውቅም።

ቤታችን መጀመሪያ የተለወጠው ከማዕድ ነው። ቡላ ከክትፎአችን ጥሬውን ሲቀምስ፣ ከዶሮ ወጡ ሲልስ የኖረ የአበሻ ድመት ነው። ሐኪሙ ስለ ጨው ሲጠይቀን ስለ ወጥ ነገርነው፣ ወጡ ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቀን «ሽንኩርት» አልነው። ምን ያህል ሲለን በጥቂቱ ሁለት ኪሎ አልነው። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ያፈርሳል። ያለ ሽንኩርት ወጥ በማያውቅ ሕዝብ ቤት ውስጥ ድመት እስከ ዛሬ መቆየቱ ተአምር ነው። ዕጣኑም ወደ በረንዳ ወጣ። ሳንባው ውኃ ለመቋጠር የሚያሰጋ ፍጡር አጠገብ ማጨስ አይገባም ተባልን። ቡና ግን እንደ ወትሮው ይፈላል።

በነገራችን ላይ ምግብ ለድመት ልብ ቀልድ አይደለም። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙ ድመቶች ልባቸው እየላላና እየተለጠጠ በሚሞቱበት ሌላ ዓይነት የልብ ሕመም ያልቁ ነበር። በ1987 ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፖል ፒዮን የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ምክንያቱ ቶሪን የተባለ ንጥረ ነገር ጉድለት መሆኑን አሳተሙ። ድመት ቶሪንን በበቂ ሁኔታ ራሷ አትሠራም፣ ከሥጋ ነው የምታገኘው። ፋብሪካዎቹ ቶሪን ጨመሩ፣ ያ ሕመም ከሞላ ጎደል ጠፋ። የቡላ ዓይነቱ ግን በምግብ የሚመለስ አይደለም።

ከዚያ መድኃኒቱ መጣ። ደም እንዳይረጋ ክሎፒዶግሬል፣ ከባለ 75 ሚሊግራሙ ክኒን ሩቡ፣ በቀን አንዴ። ይህ ክኒን ኮሶ ነው። መጀመሪያ ቀን ምላሱ ላይ ሲያርፍ አፉ አረፋ ደፈቀ፣ ሊሞት መስሎን ልጃችንን ስልክ ደውለን አስለቀስናት። በኋላ ባዶ የጄላቲን እንክብል ውስጥ መክተት ተማርን።

ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። የቀድሞ አስተማሪ ናቸው፣ በሱዳን በኩል ወጥተው ከአርባ ዓመት በላይ በስደት ኖረዋል፣ ያልተሰለፉበት ሰልፍ የለም። ልባቸው ውስጥ የሽቦ ቱቦ ተደርጎላቸዋል። አንድ እሑድ ቡና ሊጠጡ መጥተው ክኒኑን ስንሰነጥቅ ደረሱ።

«ማነው የታመመው?»

«ቡላ ነው ጋሼ፣ ልቡን።»

«ምን ይወስዳል አላችሁኝ?» ጠርሙሱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። «ይኸ እኮ የእኔ ነው! ፕላቪክስ!»

«እሱ ሩቡን ነው የሚወስደው።»

ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው እኔ አራት ድመት ነኝ ማለት ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሲመጡ አስቀድመው የሚጠይቁት የእሱን ጤና ነው። (የሰው መድኃኒት ለድመት ይሆናል ማለታችን እንዳይመስላችሁ። መጠኑን የሚያዝዘው የእንስሳት ሐኪም ነው።)

የዕለት ሥራችን ግን ክኒን ሳይሆን ትንፋሽ መቁጠር ነው። ድመት ሕመሙን ይሸሽጋል፣ ሳንባው ግን ተኝቶ ሳለ አይዋሽም። ደረቱ አንዴ ከፍ ዝቅ ካለ አንድ ነው። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ነው። በደቂቃ ከ30 በታች ከሆነ ደኅና ነው፣ በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ ስልክ ይደወላል። ቁጥሩን የምንጽፈው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን መቁጠሪያ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ፎቶ አንሥተን ለሐኪሙ ብንልክለት፣ «ቁጥሮቹ ግሩም ናቸው፣ ነገር ግን አሥራ ሦስተኛው ወር ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈልን። ጳጉሜን ማስረዳት ከልብ ሕመም ይከብዳል።

የካቲት 2025፣ በረዶ በጣለበት ሌሊት፣ ከሁለታችን አንዱ ውኃ ሊጠጣ ተነሥቶ ቡላን ከሶፋው ላይ አጣው። አልጋ ሥር ገብቶ አንገቱን ዘርግቶ ክርኖቹን ከደረቱ አርቆ ተቀምጧል። ስንቆጥር ከስድሳ አለፈ። ሕክምናው ቦታ እስክንደርስ አፉን መክፈት ጀምሮ ነበር። ነጥቀውን ወደ ውስጥ ገቡ፣ ኦክስጅን ያለበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስገቡት፣ ፉሮሰማይድ በመርፌ ወጉት። ይህ በተለምዶ ላሲክስ የምንለው፣ ውኃን በሽንት የሚያስወጣው መድኃኒት ነው። ትንሽ ቆይታ አንዲት ወጣት ሐኪም ወረቀት ይዛ መጣች። ከ2,900 እስከ 4,200 ዶላር ይላል። ሌላ አማራጭም እንዳለ በለሆሳስ ነገረችን፤ ማሳረፍ።

እዚህ ላይ ያልነገርናችሁ ነገር አለ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እህታችን ከአዲስ አበባ ደውላ ነበር። የጎረቤቷ ልጅ፣ የ13 ዓመት ልጅ፣ የልቧ በር ተበላሽቶ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ሠፈሩ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። እኛም የዚያ ወር ዕቁብ የሚደርሰን ስለነበር አንድ ሺህ ዶላር እንልካለን ብለን ቃል ገባን። ዕቁቡ ደርሶን ነበር። ገንዘቡ ቤት ነበር።

ወረቀቱ ላይ ፈረምን። ለምን እንደፈረምን እስከ ዛሬ በሚገባ ማስረዳት አንችልም። ብዙ አላሰብንም። መስታወቱ ውስጥ ሆኖ ያየን ነበር፣ ይህ ነው ያለን መልስ። ሂሳቡ 3,640 ዶላር መጣ። ቡላ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ተመለሰ። ለእህታችን ሦስት መቶ ዶላር ብቻ ላክንና «ኑሮው ከብዶናል፣ ቀሪውን ቀስ ብለን» አልናት። ውሸት አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም።

የሚቀጥለው ዕቁብ ዕለት ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። ሁሉም ቀለደ። አንዲት እህት ግን አልሳቀችም። «ለድመት ኦክስጅን!» አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ። «እናቴ በኮቪድ ጊዜ ኦክስጅን ሲፈለግላት ነው የሞተችው።» ቤቱ ጸጥ አለ። መልስ አልሰጠናትም፣ ዛሬም የለንም። ጋሼ ብቻ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ድመቱ እኮ ከእናትሽ አፍ አልነጠቀም ልጄ» አሏት። እሷም «አውቃለሁ ጋሼ፣ ማን እንደነጠቀም አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ አልተነጋገርንም። ሆኖም ባለፈው ፋሲካ ቤታችን መጥታ ስትወጣ በር ላይ ጎንበስ ብላ ቡላን ደባበሰችው።

ነገሩ እንደሚከተለው ነው። የቡላ ሕመም አብሮት የተወለደ ነው፣ ማንም ሊያስቀረው አይችልም ነበር። የልጅቱ ግን የጀመረው በቶንሲል ነው። ጉሮሮ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ይቆስላል፣ በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀውን መሣሪያ በገዛ ልቡ በሮች ላይ ያዞረዋል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይኸው ነው፣ ሀብታም አገሮች ውስጥ ከሞላ ጎደል የተረሳ። እኛ አገር ጉሮሮ የታመመ ልጅ ስንት ጊዜ ነው እንጥል ለማስቆረጥ የተወሰደው? ከእኛ ከሁለታችን አንዳችን በልጅነት ተቆርጠናል። የተጎዳ በር አይመለስም፣ ነገር ግን በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ጉዳቱ እንዳይደገም ይከላከላል። ከቡላ የአንድ ሌሊት ኦክስጅን ጋር ሲተያይ ዋጋው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሠሩ ሰዎች መኖራቸውንም መካድ አይገባም። ዶ/ር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን መርጃ ድርጅት መሥርተው፣ ለዓመታት ልጆችን ወደ ውጭ እየላኩ ሲያሳክሙ ቆይተው፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ተራ የሚጠብቀው ልጅ ግን በሺዎች ነው። የቶንሲሉ ምንጭ ሳይደርቅ ቀዶ ሕክምና ብቻውን የትም አያደርስም የሚል ነው የእኛ አስተያየት።

በዚያው ዓመት ማርች ላይ አንድ ዜና አነበብን። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለድመቶች የልብ መወፈር በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ፌሊሲን የሚባል ክኒን በቅድመ ሁኔታ አጸደቀ። ውስጡ ያለው ሲሮሊመስ፣ በሌላ ስሙ ራፓማይሲን፣ በ1960ዎቹ ከፓሲፊክ ደሴት ራፓ ኑይ ከተወሰደ አፈር የተገኘ፣ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ለዓመታት የሚወስዱት መድኃኒት ነው። እየሮጥን ለሐኪሙ ደወልን። ክኒኑ የተፈቀደው የልብ ድካም ምልክት ላላሳዩ ድመቶች ብቻ ነው አለን። ቡላ ምልክቱን ያሳየው ከአንድ ወር በፊት ነበር።

ለእህታችን የቀረውን ሰባት መቶ ዶላር በአራት ጊዜ ላክን። እውነቱን ግን የነገራት ፌስቡክ ነው። ልጃችን ቡላ የመስታወቱ ሣጥን ውስጥ የተነሣውን ፎቶ «የእኔ ጀግና» ብላ ለጥፋው ኖሮ፣ እህታችን ቀኑን አይታ ደወለች። ሁለታችንም ስልኩን ላለማንሣት ተገፋፋን። በመጨረሻ ስናነሣው፣ መጀመሪያ ያለችው፦

«ዳነ?»

«ለጊዜው አዎ።»

«ምን ሰጡት?»

«ላሲክስ። አሁንም ጠዋትና ማታ ይወስዳል።»

ዝም አለች። «እሷም እሱኑ ነው የምትወስደው» አለች ቆይታ። «እናትዬዋ ሌሊት ሌሊት ትንፋሿን እያዳመጠች ነው የምታነጋው።» ከዚያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ዓመት አልፏል። ክኒኑ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ነው፣ ስለዚህ ሁለታችን አብረን ከቤት ማደር አልቻልንም። በጁላይ ለኳስ ፌስቲቫሉ አንዳችን ሄድን፣ አንዳችን ቀረን። አገር ቤትም ስንሄድ በተራ ነው። ጋሼ «እኔ አለሁላችሁ፣ አብራችሁ ሂዱ» ይላሉ፣ እንክብሉንም መክተት ተምረዋል፣ ግን ለእሳቸው ማን አለ? ላሲክሱ ኩላሊቱን እንዳይጎዳ በየጊዜው ደሙ ይመረመራል። አሸዋው በቀን ሁለቴ ይጸዳል። ቡላ ከስቷል፣ አሁንም ግን ቡና ሲቆላ መጥቶ ረከቦቱ አጠገብ ይተኛል።

ልጅቱ መርፌዋን በየወሩ ትወጋለች። ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ትሄዳለች። ተራዋ ገና ነው። ባለፈው ሳምንት እናቷ በእህታችን ስልክ ሰላም ልትለን መጥታ ስለ ድመቱ ጠየቀችን። መልሳችን ጉሮሯችን ላይ ቀረ። «እግዜር ይማርላችሁ» አለችን። እኛም «የእናንተንም» አልን።

ይህን ስንጽፍ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ቡላ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ቆጥረነዋል፣ ሃያ ስድስት ነው።